የተረከዙ መስኮት

መርዶ እንዲህ አይነገርም። በእልፍነሽ አገር መርዶ የሚነገረው ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ገና ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኩቶ፣ ሐዘንተኛዋን ግራና ቀኝ ሁለት ጠንካራ ሴቶች ደግፈው ይዘው፣ በእቅፏ ሕፃን ካለም አስቀድመው ተቀብለዋት ነው። እሷ ግን የእናቷን ሞት የሰማችው ዐረብ አገር፣ ኾባር ከተማ፣ በአንድ የግል ሆስፒታል የሕፃናት አጥንት ሕክምና ክፍል፣ የሴቶች መጠበቂያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው፤ በጠራራ ቀን፣ ሁለት እግሩ እስከ ጭኑ በጀሶ የታሸገ የሰው ልጅ ደረቷ ላይ አስተኝታ።

ያረዳቻት ሴት ደግሞ ማርዳቷን አላወቀችም። ሰርክአዲስ ትባላለች። የደጀን ልጅ ናት፤ ከእልፍነሽ ጋር አንድ ሰፈር አድገው፣ ከአንድ ቦኖ ውኃ ቀድተው፣ ኋላ እያንዳንዳቸው በየደላላቸው ዐረብ አገር ከገቡ ወዲህ አንዷ ያለችበትን ሌላዋ አታውቅም ነበር። ያን ዕለት፣ የ2002 ዓ.ም. ፋሲካ ባለፈ ሰሞን፣ አንዲት ጥቁር ዐባያ የለበሰች ሴት ከእልፍነሽ ፊት ቆማ ጎንበስ አለችና ዓይኖቿን አየቻት። «አንቺ የእትዬ ጥሩሰው ልጅ አይደለሽም እንዴ?» አለቻት በአማርኛ። በዚህ ተገናኙ።

ሰርክአዲስም የአሠሪዎቿን ልጅ ይዛ ነው የመጣችው። መራመድ ከጀመረች ወዲህ ቅልጥሞቿ እንደ ደጋን ወደ ውጭ የጎበጡባት አንዲት ለስላሳ ልጅ ናት። ተቃቅፈው፣ ተሳስመው፣ እንባ ቢጤም ጠራርገው ሲያበቁ እልፍነሽ ልጅቷ ምን እንደሆነች ጠየቀች።

«ፀሐይ አንሷት አጥንቷ ለስልሶ ነው አሉኝ፣ እቴ» አለች ሰርክአዲስ። «ይህን በሚያህል ፀሐይ አገር ፀሐይን ከመድኃኒት ቤት በጠብታ ይገዛሉ። እኛን ሰገነት ላይ ምንጣፍ እያሳጠቡ ይጠብሱናል፣ የገዛ ልጃቸውን ከመጋረጃ ጀርባ ያበቅላሉ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ሰርክአዲስ ፊቷን ከበድ አደረገች፤ ሐዘን የሚደርስ ሰው እንደሚያደርገው እጇን እልፍነሽ ጉልበት ላይ አሳረፈች።

«ለእትዬ ጥሩሰው ለቅሶ እንኳ ሳልደርስሽ ቀረሁ፣ እልፌ። ነፍሳቸውን ይማር። ያጽናሽ።»

«የትኛዋ ጥሩሰው?» አለች እልፍነሽ።

ሰርክአዲስ ክው አለች። ነገሩ ከአፏ አምልጧል፤ ልትመልሰውም አልቻለች። «ለማዳምሽ እኮ ደውለው ነግረዋታል» አለች፣ ድምጿ እያነሰ። «በዐረብኛ ያናገራት የእህቴ ባል ነው፤ ወንድምሽ ወልደየስ አጠገቡ ቆሞ። በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ። እኔ እኮ ያወቅሽ...» እጇን አፏ ላይ ጫነች። በዚያው ቅጽበት ነርሷ የልጅቷን ስም ጠራች፤ ሰርክአዲስ ባለደጋን እግሯን ልጅ አንጠልጥላ ወደ ውስጥ እየገባች፣ እየዞረች እያየቻት፣ በሩ ተዘጋ። ስትወጣ እልፍነሽ ተራዋ ደርሶ ሌላ ክፍል ገብታ ነበር። ስልክ እንኳ አልተለዋወጡም።

እልፍነሽ ደረቷን መምታት አማራት፤ ደረቷ ላይ የማዳሟ ልጅ ራካን ተኝቷል። ከወንበሩ ወርዳ መሬት ላይ መቀመጥ አማራት፤ የራካን ጀሶ ከባድ ነው፣ በጥንቃቄ ካልያዙት ይሰነጠቃል ተብሏል። ስለዚህ እንደተቀመጠች ቀረች። ገንዘብ ቤት ሄዳ የነበረችው ማዳም ኑፍ ተመልሳ፣ በመሸፈኛዋ ቀዳዳ አየቻትና ምን ሆነሻል አለቻት።

«ማፊ ሙሽኪላ» አለች እልፍነሽ። ችግር የለም።

ለእናቷ ያወጣችው የመጀመሪያው የለቅሶ ቃል ይህ ሆነ። ያን ቀን ያላለቀሰችው እንባ ሆዷ ውስጥ ረግቶ ቂም ሆነ።

እስቲ ከዚያ በፊት ስለነበረው ጥቂት እንበል። እልፍነሽ ኾባር ከገባች ሁለተኛ ኮንትራቷን ወደማገባደዱ ነበረች። ካፊሏ፣ በስሙ ያስገባት አሠሪዋ፣ ዓብዱልአዚዝ ደማም ወደብ ላይ የዕቃ መጋዘን የሚያስተዳድር፣ ዝምተኛ፣ ቤቱ ሲገባ ቁልፉን ከጣቱ የማያወርድ ሰው ነው። ሚስቱ ኑፍ ከሦስት ሴቶች በኋላ ወንድ ወለደች ተብሎ ቤቱ በደስታ ሊፈነዳ ሲል፣ ልጁ ቆልማማ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱ የውስጥ እግሮቹ ተፋጥጠው ይተያያሉ። አማቷ የሰው ዓይን ነው አሉ። ኑፍ ግድግዳ ግድግዳ ታይ ጀመር። እልፍነሽ በበኩሏ ሕፃኑን ስታጥብ ደጀን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በቁርጭምጭሚቱ የሚሄደውን ለማኝ አስታወሰችና አለቀሰችለት፤ በሷ አገር ቆልማማ ሆኖ የተወለደ ቆልማማ ሆኖ ይሞታልና።

ዶክተር ኤልጣይብ የሚባል ሱዳናዊ ግን እግሩን በጣቶቹ እያሻሸ ሳቀ። እግሩ ገና ሊጥ ነው፤ ቀስ አድርገን እናቀናዋለን አላቸው። በየሳምንቱ እግሩን ጥቂት ወደ ውጭ ይመልስና በጀሶ ያሽገዋል። በቀጠሮው ዋዜማ እልፍነሽ ጀሶውን በሞቀ ውኃ እያራሰች ትፈታለች፤ በተፈታ ቁጥር እግሩ ትንሽ ወደ ሰው እግር ተጠግቶ ታገኘዋለች። ይህን ማየት ደስ ይላት ነበር። ኋላ ሐኪሙ የተረከዙን ጅማት በትንሹ በጣ አድርጎ የመጨረሻውን ጀሶ አደረገለት። ሰርክአዲስን ያገኘችው ያ ጀሶ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው ነው።

አሁን እልፍነሽ ቁጭ ብላ ነገሩን ወደ ኋላ ትፈትለው ጀመር። ዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ምን ነበር? ያን ሰሞን ማዳም ያለ በዓል አዲስ ዐባያ ገዝታ ሰጠቻት። ሽቶ ሰጠቻት። ሴቶቹ ልጆች ሲጮኹባት «ኤልፊን ተዉአት» ብላ ትቆጣቸው ጀመር። ዐርብ ዕለት ኮርኒሽ ወስዳት ባሕሩ ዳር አስቀምጣ በእጇ አይስክሬም አቀበለቻት። እልፍነሽ ያኔ የልጁ እግር ቢቀናላት ነው የደላት ብላ ነበር። ለካ የእናቷን ደም በአይስክሬም እየከፈለቻት ነው። ወንድሟ ለማዳም ያስደወለው እህቴን ልቀቂልን፣ ለአርባዋ ትድረስልን ለማለት ነው፤ ሌላ ምን ሊል ይደውላል? እሷ ግን ልጄን በጀሶው ማን ይሸከምልኛል ብላ ዋጠችው። እልፍነሽ እንዲህ ብላ ፈረደች፤ ፍርዱንም ማንም አልተከራከራትም፣ ለማንም አልነገረችምና።

ወንድሟን ወልደየስን ግን በዚህ አልወቀሰችም። ባዕድ አገር ብቻዋን ላለች ሴት በስልክ መርዶ አይላክም፤ ይህ ወግ ነው፣ እሷም በሱ ቦታ ብትሆን ትደብቅ ነበር። ቢሆንም እንዲሁ አልማረችውም። ወር በገባ ዐርብ፣ ከምሳ በኋላ፣ ማዳም ስልኳን ታውሳታለች። እልፍነሽ ደውላ ሰላምታውን ታሳጥርና «እናቴን አቅርብልኝ» ትላለች።

«እናታችን ጠበል ሄዳለች» ይላል ወልደየስ።

በሚቀጥለው ወር ደግሞ «አሁንም ጠበል ናት?» ትለዋለች።

«ጠበሉ ተስማምቷት ነው መሰለኝ፣ አልወጣችም።»

«እንዲህ የሚያከርም ጠበል ነው? ጠበልተኛውስ ቀለብ ከየት ያገኛል?»

ወልደየስ ይንተባተባል፤ ላቡን ሲጠርግ በስልኩ የሚሰማት ይመስላታል። ስልኩን ስትዘጋ ከንፈሯ ላይ ትንሽ ፈገግታ አለ። ማዳም በሩ ጥግ ቆማ የጣት ቀለበቷን እያሽከረከረች ወደ ሌላ ታያለች። እልፍነሽም በልቧ፣ እፈሪ፣ ትላለች፤ ገና ታፍሪያለሽ።

ማፈሪያውን ሐኪሙ ራሱ እጇ ላይ አኖረላት። ጀሶው ሲፈታ ራካን ጫማ ተሰጠው፤ በመካከላቸው ባለ ብረት የተያያዙ፣ አፍንጫቸው ወደ ውጭ የዞረ ሁለት ትንንሽ የቆዳ ጫማዎች። እግሩ ቀና ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም አላቸው ዶክተር ኤልጣይብ፤ እግር የተወለደበትን አይረሳም፣ እነዚህ ጫማዎች ካልያዙት ይመለሳል። መጀመሪያ ቀንም ሌሊትም፣ ኋላ ሲተኛ ብቻ፣ ለዓመታት። ከዚያ ማዳም ስልክ ስታነሳ ወደ እልፍነሽ ዞሮ፣ እሷ እንድትረዳው ዐረብኛውን ቀስ እያደረገ አስተማራት። መጀመሪያ የመካከለኛውን ጠፍር አጥብቂ። ጫማው ከኋላው በተረከዙ በኩል ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ በሱ እይ።

«ተረከዙ በዚህ መስኮት ከታየሽ እግሩ ቦታው ላይ ነው» አላት። «ካልታየሽ ጫማው ጌጥ ነው።»

እልፍነሽ በመስኮቱ አየች። ሮዝ የመሰለች ትንሽ ተረከዝ ሞልታው ነበር። እናቴን ደበቀችኝ፣ አለች በልቧ፣ ተረከዙን እደብቃታለሁ።

ሆኖም ወዲያው አልጀመረችም። መጀመሪያ ሰሞን ራካን ጫማውን ጠልቶ ያለቅስ ነበር፤ አንድ ሁለት ጊዜ ማዳም አላስችል ብሏት «ትንሽ ይረፍ» እያለች ራሷ ፈታችለት። እልፍነሽ ይህን ልብ አለች። ለመጀመሪያው አጭር ቀጠሮ እግሩ ጥሩ ሆኖ ቀረበ፣ ሐኪሙም አመሰገናቸው፣ ረዘም ያለ ቀጠሮም ሰጣቸው። ያን ጊዜ ጀመረች።

በዚያ አገር ከምሳ በኋላ ቤት ሁሉ ይተኛል። መጋረጃው ይወርዳል፣ ከማቀዝቀዣው ጉርምርምታ በቀር ድምፅ የለም። እልፍነሽ ልጁን ምንጣፍ ላይ አንጋላ ጫማውን አጠለቀችለት፤ የመካከለኛውን ጠፍር ግን ከቦታው አንድ ቀዳዳ ወደ ኋላ መለሰችው። ተረከዙ ወደ ላይ ሸሸች። በመስኮቱ አጮልቃ ብታይ ባዶ ነው። ላዩን ላየው ሰው ጫማው እንደወትሮው ታስሯል፣ ብረቱም እንደወትሮው ያብለጨልጫል። ራካን እንደ ልማዱ ሊነጫነጭ አፉን ከፈተና፣ ምንም እንዳልቆነጠጠው ሲገባው ሳቀላት።

ያን ሳቅ ነው ያልጠበቀችው። ዓይኗን ወደ መጋረጃው አዞረች።

ነገር ግን አላቆመችም። በቀን እንዲያ፣ በሌሊትም እንዲያ። እግሩ ማታ ወደ በረቷ እንደምትመለስ ላም ቀስ እያለ፣ መንገዱን ሳይስት፣ ወደ ድሮው ቦታው ተመለሰ። ስታጥበው መዳፏ ላይ ይሰማታል፤ ተረከዙ ይጠነክራል፣ የውስጥ እግሩ ወደ ውስጥ ያያል። ማዳም አታይም። እንግዳ ሲመጣ ብርድ ልብስ ጣል ታደርግበታለች፤ እንግዳው ሲሄድ «ኤልፊ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» ትላለች። እልፍነሽ ራሷን ዝቅ ታደርጋለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ።

ያን ዓመት ፍልሰታና ረመዳን ገጠሙ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ጾም ገባ፤ የእልፍነሽን ጾም ማንም አላወቀባትም። ጾሙን ጾመች፣ ጸሎቱን ግን ተወችው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል ሰምታ ያደገች ናት፤ ከሁለቱ አንዱን መተው እንዳለባት አውቃ ጸሎቱን መረጠች።

ቀጠሮው የደረሰው በዚያው ጾም መካከል ነው። ዓብዱልአዚዝም አብሮ ገባ፤ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ በሩ አጠገብ ቆመ። ዶክተር ኤልጣይብ ጫማውን አውልቆ የግራውን እግር ያዘ። ወደ ላይ ገፋው፤ አልሄደለትም። ቀኙን ያዘ፤ እሱም ያው። ከዚያ ልጁን ትቶ ጫማውን አነሳ፣ ጠፍሩን ወደ መብራቱ አስጠጋው። ጠበቅ ያሉት ቀዳዳዎች እንደ አዲስ ናቸው፤ ላላ ባለው ቀዳዳ ላይ ግን ቆዳው ታጥፎ፣ ጠቁሮ፣ ተሸብሽቧል።

«ቆዳ አይዋሽም» አለ። «ይህን የሚያስረው ማነው?»

እልፍነሽ መልሷን ካዘጋጀች ሰንብታለች። ማዳም ናት አላልተሽ እሰሪው ያለችኝ ልትል ነበር። አፏን ሳትከፍት ግን ማዳም ቀደመቻት።

«እኔ ነኝ» አለች ኑፍ። «ሲያለቅስ አላስቻለኝም። እኔ ነኝ የፈታሁለት።»

አውቃ ልትሸፍንላት አይደለም፤ እውነት መስሏት ነው። ያቺ አንድ ሁለት ቀን ያደረገችው ነገር ልጇን ያጠፋው መስሏት ነው። ሐኪሙ አዝኖም ተቆጥቶም ጀሶው ከመጀመሪያው እንደሚጀመር ነገራቸው። ዓብዱልአዚዝ ቁልፉን ማሽከርከር አቆመና ሚስቱን አያት።

«ሠራተኛዋ ያሰረችውን እናቱ ፈታሽው» አላት።

እልፍነሽ ይህን ቀን ነበር የጠበቀችው፤ መጣ፣ ጣፈጣትም። ወደ ቤት ሲመለሱ ማዳም ከፊት ወንበር በመሸፈኛዋ ውስጥ ስትንሰቀሰቅ ትሰማለች፤ እልፍነሽ ከኋላ ሆና የባሕሩን ብልጭታ እያየች፣ አልቅሺ፣ ትላለች በልቧ፣ እኔ ያልተፈቀደልኝን አልቅሺ።

ቤት ደርሰው ሁሉም ሲተኛ ማዳም ኑፍ ወደ እልፍነሽ ክፍል መጣች። ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ማዳም ደጃፏ ላይ ቆማ ታዛለች እንጂ እግሯን አስገብታ አታውቅም። ያን ቀን ገብታ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«ይህ ቅጣት ነው» አለች። «ፈጣሪ በልጄ የቀጣኝ ባንቺ ላይ በሠራሁት ነው።»

እልፍነሽ የደረቀ ልብስ ታጥፍ ነበር፤ ማጠፏን አላቆመችም።

«እናትሽ ሞተዋል፣ ኤልፊ። ወንድምሽ በሰው አስደውሎ ለመነኝ። ብቻዋን ናት፣ ግራና ቀኝ የሚይዛት ዘመድ የላትም፣ እዚያ ብትሰማ ራሷን ትጎዳለች፣ ኮንትራቷን ጨርሳ ስትመጣ እኛው እናረዳታለን፣ አደራ እንዳትነግሪያት አለኝ። ወላሂ በይ አለኝ፤ ወላሂ አልኩት። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ሰው ሲሞት ያኔውኑ ይነገራል፣ በሦስት ቀን ሐዘኑ ይዘጋል። ስልኬን ይዘሽ እናቴን አቅርብልኝ ባልሽ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። መሐላ ነው ብዬ ተውኩት። የሰው እናት ደበቅሁ፣ ልጄ ይኸው እንዲህ ሆነ።»

እልፍነሽ የራካንን ትንሽ ሸሚዝ በእጇ እንደያዘች ቀረች። አንድ ነገር ሰምታ ሰባት ነገር የፈረደችው እሷ ናት፤ የተደወለው ልቀቂያት ለማለት ሳይሆን አትንገሪያት ለማለት ነበር። የገዛ አገሯን ወግ የጠበቀችላት ሌላ ሰው አይደለችም፣ ወጉን የማታውቀው፣ ወጉ የከበዳት ይህቺው ባዕድ ሴት ናት። እሷ ደግሞ ዋጋዋን ከልጇ ተረከዝ ላይ ወሰደች።

«አውቅ ነበር» አለች።

«ከመቼ?»

«የመጨረሻው ጀሶ ሳይፈታ ጀምሮ።»

ማዳም ቀና ብላ አየቻት። የሆነ ነገር ፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ሲበራ እልፍነሽ ታያለች። ዝም ማለት ትችል ነበር፤ ጥፋቱን ሌላ ሰው ከወሰደው ቆይቷል። ግን ዝምታ በቅቷት ነበር።

«ጠፍሩን ያላላሁት እኔ ነኝ» አለች። «እያወቅሁ።»

ማዳም አልመታቻትም፣ አልጮኸችምም። ተነስታ ወጣች። እልፍነሽ ሻንጣዋን አዘጋጅታ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፖሊስ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። በማግሥቱ ያው በጸጥታው ሰዓት ማዳም ደጃፉ ላይ ቆመች። ፊቷ ደርቋል፤ የትናንቷ ሴት አይደለችም።

«ኸላስ፣ በቃ» አለች። «ዓብዱልአዚዝ አያውቅም፣ ወደፊትም አያውቅም፤ ቢያውቅ ወህኒ ያወርድሻል፣ ልጄም የሚያስርለት ያጣል። የትም አትሄጂም። ኹሩጅሽን፣ የመውጫ ፈቃድሽን፣ የምትቀበይው ከኔ አይደለም፣ ከራካን ነው። በገዛ እግሩ ሄዶ እስከ ውጭው በር ይሸኝሻል። እስከዚያ እናትሽን እዚሁ አልቅሺያት።»

የኑፍ ብድር ይህ ነበር፤ እልፍነሽም ሚዛኑ ትክክል መሆኑን አልካደችም። ሻንጣውን መልሳ አልጋው ሥር ከተተችው።

ጀሶው እንደገና ተጀመረ። ራካን አሁን አድጎ፣ ጉልበት አውጥቶ፣ ሲጠቀልሉት ይታገላል፤ የሚይዘው እልፍነሽ ናት። ከዚያም አዲስ ጫማ መጣ። ሁለቱ ሴቶች በቀን ሁለት ቃል ብቻ የሚነጋገሩበት ዘመን ሆነ። እልፍነሽ ጠፍሩን ታጠብቃለች፣ ማዳም በግንባሯ ተደፍታ በመስኮቱ ታያለች።

«ታየሽ?» ትላለች እልፍነሽ።

«ታየ» ትላለች ማዳም።

በቃ፣ ይኸው ነው። ራካን በብረቱ እንደ ሸርጣን እየተጎተተ ቤቱን ሁሉ መዞር ጀመረ። በሩን በብረቱ ይደበድባል፣ ጠረጴዛውን ይገጫል፤ አብዝቶ የሚገጨው ግን የእልፍነሽን ቅልጥም ነው። ስትጎነበስለት ይገጫታል፣ ስታነሳው ይገጫታል። ቅልጥሟ በልዞ ሰነበተ። እልፍነሽ በቅባት እያሸች፣ ምታኝ፣ ትለዋለች በአማርኛ፣ ያንተ ብድር ብቻ ነው በትክክል የሚመለሰው።

ለወልደየስ ግን አልደወለችም። ማዳም ስልኩን ስታቀብላት አልፈልግም ትላለች። ሌላው ቂም ሁሉ ረግፎ የሱ ብቻ ቀርቷታል፤ ምናልባትም የራሷን ድርሻ ጨምራ ጭናበታለች። ወጉን አውቃለሁ ብሎ በወግ ሰበብ እሷንም፣ ማዳሟንም፣ አፉን ያልፈታውን ሕፃንም አንድ ላይ ጠፍሮ የተቀመጠው እሱ ነው። መስቀል መጣ፣ ኮንትራቷ አለቀ፣ ገና አለፈ፣ እሷ የለችም።

ዓመት ዞሮ ከፋሲካ ማግሥት፣ በዚያው ሆስፒታል፣ በዚያው መጠበቂያ፣ ሰርክአዲስን አገኘቻት። የባለደጋኗ ልጅ እግር በጠብታውና ሰገነት ላይ በምትሞቀው የጠዋት ፀሐይ ቀንቶ፣ ወንበር ለወንበር እየሮጠች የሰው ቦርሳ ትጎትታለች። ሰርክአዲስ እንዳየቻት በእንባ ፈረሰች፤ ያን ዕለት ባወጣሁት ቃል ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ አለች። እልፍነሽ አቅፋት አባበለቻት፤ አልተቀየምኩሽም፣ ያንቺ ቃል ባይሆን ኖሮ እስከ ዛሬ እናቴን በሕይወት አስቀምጬ ነበር አለቻት። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፣ ጠፍሩንም መስኮቱንም አላስቀረችም። ሰርክአዲስ አፏን ይዛ ሰማች።

ራካን ይህን ጊዜ ጫማው ወልቆለት መሬት ላይ ነው። ወንበሩን ለቀቀ፣ በሁለት እግሩ መሬቱን ሙሉ በሙሉ ረግጦ ቆመ፣ ጥቂት ተራመደና በቂጡ ቁጭ አለ። ማዳም ኑፍ ከማዶ ወንበር ላይ ሆና አየችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ መውጫው በር አየች፤ ከዚያ እልፍነሽን። በሩ ገና ሩቅ ነው። እልፍነሽም ያን ርቀት በዓይኗ ለካችው።

ሰርክአዲስ ኹሩጅ ወጥቶላት በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አገር ልትገባ ነው። ለመሰነባበት ሲነሱ የወልደየስን ነገር አነሳች። ወንድምሽ ሰው መሆኑ ቀርቷል አለቻት። ትመጣለች ብሎ ለመርዶው ዘመድ አዝማድ ሁለት ጊዜ ሰብስቦ፣ አክስቶችሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጎህ ሳይቀድ ተቀምጠው፣ አንቺ ስትቀሪ ሁለት ጊዜ ተበትነዋል። አሁን ሰዉ እልፍነሽስ የት አለች እያለ ያስጨንቀዋል። የምመልስላቸውን አጣሁ፣ ካገኘሻት ምን ልበል ብለሽ ጠይቂልኝ ብሎኛል አለቻት።

እልፍነሽ ጎንበስ ብላ ራካንን ከመሬት አነሳችው፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ጫማውን አጠለቀችለት፣ የመካከለኛውን ጠፍር ስባ አጠበቀች፣ ከኋላ በመስኮቱ አየች። ከዚያ ቀና አለች።

«እንዲህ በይልኝ» አለች። «እልፍነሽ ጠበል ሄዳለች።»